የሩላ ሙሉ ስም

እህቴ ስምንት ወር እስኪሞላት ድረስ ስም አልነበራትም። "ቤባ" ነበር የምንላት። በእኛ መንደር ክርስትና ያልተነሳች ሴት ልጅ ሁሉ ቤባ ናት። ስም የሚመጣው ከማጥመቂያው ገንዳ ነው፤ ከዚያ በፊት ልጅን በስም መጥራት ያልተሰፋ ልብስ ለብሶ አደባባይ እንደ መውጣት ይቆጠራል።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ ቫሲሊኪ ነው፤ ቫሶ ይሉኛል። የወረስኩት የእናቴን እናት ስም ነው። ስም የሚወረስበት ተራ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ የእናቷን እናት። እኔ የመጀመሪያዋ ሆኜ ሳለ የሁለተኛዋ ስም ለምን እንደ ደረሰኝ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ልጅ ስሙን የሚያየው እንደ አፍንጫው ነው፤ ለምን እዚህ ተቀመጠ አይልም።

ለቤባ የቀረው እንግዲህ የአባቴ እናት ስም ነበር፤ ስታቭሩላ። እናቴ ይህንኑ ስም አጥብቃ ፈለገች። አያቴ ደግሞ በሕይወት ያለች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብራን የምትኖር፣ እምቢ አለች። በእኛ አገር በጋው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ በዚያ በጋ በቤታችን የነበረው ጣጣ ሁሉ ይኸው ነው። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሳህን አልተሰበረም። ግን እናቴ በእነዚያ ሦስት ወራት ከሳች፣ ቀበቶዋም ሁለት ቀዳዳ ገባ።

አያቴ በቆጣቢነቷ የታወቀች ነበረች። የበለስ ማርማላታው ያለበትን ቁምሳጥን ትቆልፍና ቁልፉን ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። እንግዳ ሲመጣ አንድ ማንኪያ ማርማላታ በትንሽ ሳህን፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይቀርባል። ለእኔ በዓል ካልሆነ የለም። ስለዚህ ስሟን እንደማትሰጥ ስሰማ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ማርማላታ የሰሰተ ሰው ስምም ይሰስታል ብዬ ደመደምኩ።

የሰማሁት ትምባሆ ስንሰካ ነው። ጠዋት የለቀምነውን ቅጠል በወይኑ ዳስ ጥላ ሥር ከምረን፣ እስከ ቀትር በረጃጅም ጠፍጣፋ መርፌ እንሰካ ነበር። መርፌው ሲሞላ ቅጠሉ ወደ ሲባጎው ይገፋል፣ ሲባጎው ሲሞላ ማድረቂያው ላይ ይወጠራል። ሙጫው ጣት ላይ ይጠቁራል፤ በሎሚ ታጥቦም ዳቦ ሲቆረስበት ይመርራል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ያወራሉ፣ እኛ ልጆቹ ትንንሹን ቅጠል እየለየን እናቀብላለን። ጆሮ የለንም ተብሎ ነው የሚታሰበው።

"እስከ መቼ ነው ቤባ የምትሏት?" አለች ጎረቤታችን እትዬ ጋሪፋሎ። መርፌዋንና ምላሷን እኩል የምታስሮጥ ሴት ነበረች። "ጥርስ አወጣች እኮ። ትንሽ ብትቆዩ ስሟን ራሷ ትነግራችኋለች።"

"ክርስትና አባቷ መስከረም ላይ ነው የሚመቸው" አለች እናቴ።

"ስሙስ?"

"ስሙማ የታወቀ ነው። የእማማ ስም ነዋ።" እናቴ ይህን ስትል ወደ አያቴ አላየችም፤ የያዘችውን ቅጠል ነበር የምታየው።

አያቴ አንድ ቅጠል ሰካች። ሌላ ደገመች።

"አይደለም" አለች።

"እንዴት አይደለም፣ እማማ?"

"ሌላ ስም ሞልቷል፣ ሙሽሪት።" እናቴ ቤቱ ከገባች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ለአያቴ ግን ዘላለም ሙሽሪት ናት።

"እርስዎ በሕይወት እያሉ ሌላ ስም ባወጣ ሰው ምን ይለኛል? አማቷን ናቀች አይሉኝም?"

"ያሉትን ይበሉ። ስሜ ከእኔ ጋር ይቅር። እስካሁን የሰጠሁት አይበቃም?"

ሁልጊዜ የምታወራው እትዬ ጋሪፋሎ ድንገት ዝም አለች። የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስላ ከቅጠሉ ክምር ሥር ጎነበሰች። እኔ ግን ቤታችን ያለነውን ሰዎች በልቤ ቆጠርኩ፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ቤባ። አንዳችንም ስታቭሩላ አልተባልንም። ታዲያ ለማን ሰጥታ ነው የሚበቃት? አያቴ አንድ ማንኪያ ሰጥታ አሥር እንደምትቆጥር አውቅ ስለነበር ይህንንም ከዚያው ቆጠርኩት።

እናቴ ተነስታ ወደ ማድረቂያው ሄደች። ተከተልኳት። ከተወጠረው ቅጠል ጀርባ ቆማ ፊቷን በክንዷ ትጠርጋለች። በእጇ እንዳትጠርግ ሙጫው ዓይን ያቃጥላል።

"ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ሙጫው ነው።"

"አያቴ ናት አይደል?"

"አልማረችኝም፣ ቫሶ" አለች። ለእኔ እየነገረችኝ አልነበረም፤ እኔ እዚያ ቆሜ ስለተገኘሁ ብቻ ነው። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ግን አልማረችኝም። ብትምረኝ ኖሮ ስሟን ለልጄ ትሰጥ ነበር።"

"ምን አድርገሻት ነው?"

"ሂጂ፣ ቅጠልሽን ልቀሚ።"

ምን እንዳደረገቻት እኔ አውቅ ነበር። በመጋቢት እናቴ ትልቁን የዘይት እንስራ ሰብራ ነበር። ዘይቱ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ሲፈስ አያቴ አልጮኸችም፤ ተንበርክካ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመችው። ለአንድ እንስራ ይህን ያህል ቂም ይያዛል እንዴ ብዬ ተናደድኩ። አሥራ አንዱን ዓመት ከመጋቢቱ እንስራ ጋር እንዴት እንዳገናኘሁት አላውቅም። በዘጠኝ ዓመት ሒሳብ እንደ ልብ ነው።

አባቴ ሚጾስ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ የሁለት ሴቶች ድምፅ ከተለዋወጠ በቅሎዋን ሊያይ ይወጣል። በዚያ ሰሞን በቅሎዋ እንደዚያ ታይታ አታውቅም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠና ከበቅሎዋ ጋር የመከረበትን ሐሳብ አወጣ።

"ስፒሪዱላ እንበላት" አለ። "በቅዱስ ስፒሪዶን ስም። የቁልምጫ ስሟ ሩላ ይሆናል። የስታቭሩላም ቁልምጫ ሩላ ነው። መንደሩ ሩላ ስንላት ሲሰማ የአያቷን ስም አወጡላት ይላል። ከጀርባው ያለውን ማን ገልጦ ያያል? አባ ሲሜዮንና መዝገቡ ናቸው።"

አያቴ አማተበች። "ስፒሪዱላ መልካም ነው። ብርቱ ቅዱስ ነው፤ ይጠብቃታል" አለች።

"አንቺስ?" አለ አባቴ።

"መንደሩን ብዬ አልነበረም" አለች እናቴ። ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች።

ስለዚህ ሩላ የሚለው ተቆረጠ፣ ሙሉ ስሙም ተቆረጠ፣ እናቴም የቀረችው ያው ከነቂሟ ነው ብዬ አሰብኩ። ቂሙ የአያቴ መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር። የማውቀው እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር ተቆልፎበት እንደ ነበር ነው።

ክርስትና አባት የሚሆነው ጋሼ ላምብሮስ ነበር። ከአባቴ ጋር ወታደር ቤት አብሮ የነበረ፣ በእኛ ተራራ መስመር አውቶቡስ የሚነዳ፣ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ነው። በመስከረም ሁለተኛው እሑድ አውቶቡሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር አቁሞ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የሕፃኗን ነጭ ልብስና ጫማ በካርቶን ታቅፎ መጣ። አባቴ በር ላይ ተቀብሎት ስሙን በጆሮው ነገረው። ጋሼ ላምብሮስ ቅንድቡን አነሳ።

እናት በእኛ ዘንድ ልጇ ክርስትና ስትነሳ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ቤት ትቀመጣለች። ስሙ ከገንዳው ዳር ሲጠራ ልጆች እየሮጡ ሄደው ይነግሯታል፤ ቀድሞ የደረሰው ሳንቲም ይሸለማል። እሷ ስሙን ብታውቅም ባታውቅም እንዳዲስ ነው የምትሰማው። እናቴ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ቀይራ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስንወጣ ዞር ብዬ አየኋት። ሐዘን ቤት የተቀመጠች ትመስል ነበር።

ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲጓዝ እኔ ከጋሼ ላምብሮስ ጎን ሆንኩ። አባቴ ሻማውን ይዞ ከኋላ ነበር፤ አያቴ ቤባን ታቅፋ ከፊት።

"ጋሼ ላምብሮስ" አልኩት። "ስሙ ተቀይሯል።"

"እንዴት ተቀየረ?"

"አያቴ ተስማምታለች። እማዬ ናት የላከችኝ። ስታቭሩላ በል።"

"አባትሽ አሁን ስፒሪዱላ አለኝ እኮ።"

"አባዬ ገና አልሰማም።"

ቀጥ ብሎ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። "እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር" አለ። "አማት ቁጭ ብላ እያየች ስሟ ይዘለላል? ጎሽ። አባትሽን እናስገርመዋለን።"

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ትልቅ ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ከልጅም ቢሆን እንደሚቀበል ያን ቀን ነው የተማርኩት፤ ትምህርቱም ብዙ ጠቅሞኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ የሰም ሽታ ነበረው። ውሃው ሞቅ ብሎ ተቀድቷል፤ አባ ሲሜዮን እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ዘይት ጨመሩበት። ቤባ ልብሷ ሲወልቅ ጮኸች። እኛ ልጆቹ አምስት ሆነን በሩ ጋ ለሩጫ ተዘጋጅተናል፤ የእትዬ ጋሪፋሎ ልጅ ታኪስ አንድ እግሩን ከደፉ ውጭ አድርጓል።

"ስሟን?" አሉ አባ ሲሜዮን።

ጋሼ ላምብሮስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስታቭሩላ!" አለ፤ ተሳፋሪ ሊያወርድ የመንደር ስም እንደሚጠራ አድርጎ።

የአባቴ ሻማ ተዘነበለ። አያቴ አንድ እጇን ዘርግታ የገንዳውን ጠርዝ ያዘች። "አባ" አለች። "አባ፣ ቆይ።" አባ ሲሜዮን ግን ጆሯቸው ከብዷል፣ ልጅቷም ትጮኻለች። "የእግዚአብሔር አገልጋይ ስታቭሩላ ትጠመቃለች" ብለው አንዴ አጠለቋት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

የአያቴን ፊት አየሁት። ከንፈሯ ነጥቷል። ቁምሳጥኗ ተሰብሮ ያገኘች ሰው ፊት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ከዚያ ሮጥኩ። ታኪስን ከውሃ ጉድጓዱ ጋ ቀደምኩት፤ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ቤት ስገባ እናቴ ከወንበሩ አልተነሳችም ነበር።

"ስታቭሩላ!" አልኳት።

"ምን አልሽ?"

"ስታቭሩላ ተባለች።"

"ማን አለ? ጋሼ ላምብሮስ ተሳስቶ ነው?"

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ፊቷ ገና አልተፈታም፤ ልሰጣት የፈለግሁት ገና አልደረሳትም። "አያቴ ናት" አልኩ። "ራሷ ናት ያለችው። 'ስሜን ለልጅቷ ሰጥቻለሁ፤ ለእናቷ ንገሪያት' ብላ ላከችኝ።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታኪስና ሌሎቹ እያለከለኩ ገቡ፤ ለሁሉም ሳንቲም ሰጠች፣ ለእኔ ግን መስጠቱን ረሳችው። ወደ ጓዳ ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ ነው የታጠበችው።

ሰዎቹ ሲደርሱ ልማዱ እንደሚያዘው ደጃፍ ላይ ቆመች። ጋሼ ላምብሮስ ነጭ የለበሰችውን ልጅ ሲያስረክባት ሦስት ጊዜ ሰገደችለትና እጁን ሳመች። እዚያ ላይ ያበቃል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እናቴ ግን ልጅቷን እንደ ታቀፈች ወደ አያቴ ዞረች፣ አቧራው ላይ ተንበረከከችና እጇን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለች። "ነገሩኝ። የላኩልኝን ቃል ነገሩኝ።"

አያቴ በእናቴ ራስ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ትንፋሼ አልተመለሰም። አለቀልኝ አልኩ በልቤ። አሁን "ምን ቃል?" ትላለች፤ ከዚያ የአባቴ ቀበቶ።

"ተነሺ፣ ሙሽሪት" አለች። "ቀሚስሽ አቧራ ነካው።" እጇን ግን አላስለቀቀችም። ቀጥላም ለሁላችንም እንዲሰማ፣ "ሩላ ነው የምንላት" አለች። "ሩላ ብቻ። ሙሉውን በየመንገዱ አትጥሩባት።"

በኋላ በግ ተጠብሶ፣ ወይን ተቀድቶ፣ አባቴ ጋሼ ላምብሮስን ጥግ አስይዞ ሲጠይቀው ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሰማሁ።

"ምን ሆነህ ነው ወንድሜ? ስፒሪዱላ አላልኩህም?"

"ተቀይሯል ተባልኩ እንጂ።"

"ማን ቀየረው?"

አያቴ ዳቦ ይዛ እያለፈች ነበር። "እኔ ነኝ" አለች። "ምን ይሁን? የገዛ ስሜን መስጠት አልችልም?"

አባቴ ደስ ብሎት ሣቀ። እኔም ከጠረጴዛው ሥር ሣቅሁ። ሰስታ የኖረችው ሴትዮ ሰው ፊት ማፈሯን ጠልታ ለጋስ መስላ ታየች፤ ያደረግኳትም እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመት ታሪኩን እንደዚያ ነበር የማውቀው። ቅጣቱን አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር አያቴ አልነቃችብኝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አያቴ በስሟ ስትጠራ አቤት አትልም ነበር። እትዬ ጋሪፋሎ በአጥሩ ላይ "ስታቭሩላ፣ እርሾ አለሽ?" ብትል ሥራዋን ትቀጥላለች። ሦስት ጊዜ ስትጠራ ቀና ብላ፣ "ስታቭሩላ ተኝታለች፣ አትቀስቅሺብኝ" አለቻት። "እኔን ታናሴና በይኝ።" ታናሴና ማለት የታናሲስ ሚስት ማለት ነው፤ የሞተው አያቴ ታናሲስ ነበር። አሮጊቶች በባላቸው ስም መጠራታቸው የተለመደ ስለሆነ መንደሩ ቶሎ ለመደው። እኔ ኩርፊያ ነው አልኩ። ስሜን ከወሰዳችሁብኝ እንግዲያው ጨርሳችሁ ውሰዱት የምትል ነበር የመሰለኝ።

አልጋዋንም አንስታ ከሩላ መኝታ አጠገብ አደረገችው። ልጅቷ ቀን ቀን ስትተኛ አያቴ የእጅ መስታወት ይዛ አፍንጫዋ ሥር ታደርግላታለች። መልኳን የምታሳያት መሰለኝ። "ዓይኗን ጨፍና እንዴት ታያለች?" ብዬ ሣቅሁባት። አያቴ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ኪሷ ከተተችው። በክረምቱ ሩላን ሳል ሲይዛት አያቴ በባዶ እግሯ ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም ሄደች፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስትመለስ እግሯ ደምቶ ከገዳሙ ቅዱስ ፋኖስ የቀዳችውን ዘይት በጠርሙስ ይዛ ነበር። የልብስ አጠባ ቀን ስለነበር ከሥራ ሸሸች ብዬ አማኋት።

ሩላ አልሞተችም። አደገች፣ ወፈረች፣ ነገረኛ ሆነች። አያቴ ሩላ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ኖራ በሰባ ስምንት ዓመቷ አረፈች።

አባቴ ሲሞት ለውርሱ የቤተሰብ መዝገብ ያስፈልግ ነበርና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጸሐፊዋ ትልቁን መዝገብ ገልጣ እየተከተለች በጣቷ አነበበች፤ አባት፣ እናት። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

"እነዚህን ሁለቱን ልጻፋቸው ወይስ ይቅሩ?" አለችኝ።

"የትኞቹን?"

መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ስታቭሩላ፣ በአራት ወሯ የሞተች። ስታቭሩላ፣ በአርባ ሦስት ቀኗ የሞተች። ከሥራቸው ቫሲሊኪ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ስታቭሩላ፣ ሩላ።

"ጻፊያቸው" አልኩ።

በዚያው ቀን እትዬ ጋሪፋሎ ቤት ሄድኩ። አርጅታ ዓይኗ ፈዞ ነበር፤ ምላሷ ግን ያው ነው። መዝገቡን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ስትል አየኋት።

"አያትሽ 'ስሜ ነው የበላቸው' ትል ነበር" አለችኝ። "የመጀመሪያዋን ትክትክ ወሰዳት። ሁለተኛዋን ያው ስም አወጡላት፣ አርባ ቀኗን ቆጥራ ሄደች። አያትሽ ደረቷን እየመታች 'እኔ ነኝ፣ ስሜ የተረገመ ነው' ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሙሽሪት እንዳትነግሪ ብላ በወንጌል አስማለችኝ። ይብሱን እንዳትሸማቀቅ ብላ ነው። ለልጆች ደግሞ ስለሞቱ ልጆች አይወራም፤ ላንቺ ደግሞ ከእናትሽ ወገን ስም ሰጡሽ፣ ይኸው አለሽ።"

ከእሷ ቤት ወጥቼ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ገንዳውን የያዘችውን እጅ አሰብኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ይህችን ሴት ለሦስተኛ ጊዜ መቃብር አፋፍ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ የእኔን ውሸት በራሷ አፍ አጸናችልኝ።

አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ሰማንያ ስድስት ሆኗታል፤ እኔ ጋር ከተማ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን ባቄላ ስንፈለፍል ሩላ ከፓትራ ደወለች፤ የልጅ ልጅ ልታይ ነው፣ ሴት። ስሙ ማን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ባቄላውን ተወችው።

"ከአንቺ በፊት ሁለት ነበሩ" አለችኝ። ይህን በአፏ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አውቃለሁ አላልኳትም። "ሁለተኛዋ አጠገቤ ነው የሞተችው። የትምባሆ ሰሞን ነበር፣ ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ስነቃ ቀዝቅዛለች። ተኝቼባት ይሁን ራሷ ትሂድ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እማማ ገብታ ከእቅፌ ወሰደቻት፣ አጠበቻት፣ ገነዘቻት። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አንድ ቃል፣ ቫሶ። በሆዷ ፈርዳብኛለች አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያን ዝምታ ይዤ አብሬያት በላሁ።"

"እማዬ..."

"ቆይ። ስሟን ስትሰጠኝ ነው ያረፍኩት። ልጇን የገደለች ናት ብትል ኖሮ ስሟን አምናኝ አትሰጠኝም ነበር።" በሙጫ የጠቆሩት ጣቶቿ ድሮ ነጽተዋል፤ በእነሱ ጉልበቴን ያዘችኝ። "ያን ቀን ምን ነበር ያለችሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ። እየረሳሁት ነው።"

እውነቱም ሊያሳርፋት ይችል ነበር ይሆናል፤ አያቴ የፈረደችው በእናቴ ላይ ሳይሆን በራሷ ላይ ነበርና። ግን ያን ለመንገር ሃምሳ ሦስት ዓመት የተደገፈችበትን መጀመሪያ መንጠቅ ሊኖርብኝ ነው። አያቴ ያልነጠቀቻትን እኔ ልነጥቃት አልፈለግኩም።

"'ስሜን ለልጅቷ ሰጥቻለሁ፤ ለእናቷ ንገሪያት' አለች" አልኳት።

"እንዲህ ነው ያለችው?"

"እንዲህ ነው።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የተወችውን ባቄላ ወደ ራሷ ሳበች።

"ጥሩ ሴት ነበረች" አለች።

"ነበረች" አልኩ፤ ይህኛውን ፈጥሬ መናገር አላስፈለገኝም።